ውርጩ ሳይመጣ፦ ስለ ቤት ቧንቧና ማሞቂያ ከአንባቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ዓምዳችን የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ከኮሎራዶ፣ ከቴክሳስ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከለንደንና ከሚኒሶታ የደረሱን ሲሆኑ ሁሉም የሚያነሡት ቤትን ለብርድ ወራት ስለማዘጋጀት ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው የውሃ ቧንቧ በውጭ ግድግዳ ላይ በግልጽ ተዘርግቶ ዓመቱን ሙሉ ምንም በማይሆንበት አገር ስለሆነ፣ ውሃ በቧንቧ ውስጥ ረግቶ ቤት ሊያበላሽ እንደሚችል ከወላጆቻችን የሰማነው ነገር የለም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን የሚማሩት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በመሆኑ፣ መልሶቹን አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ረዘም አድርገን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በኦሮራ፣ ኮሎራዶ ቤት ከገዛን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ዘንድሮ ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማክበር ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ ስለምንሄድ ቤቱ ለአምስት ሳምንት ያህል ሰው አይኖርበትም። ሰው በሌለበት ቤት ጋዝ ማቃጠል ገንዘብ ማባከን ስለመሰለን ማሞቂያውን አጥፍተን ለመሄድ አስበናል። ይህን ብናደርግ ችግር አለው?

መልስ፦ ከባድ ችግር አለው፤ እባካችሁ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ እንዳትሄዱ። ገና በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት በጃንዋሪ 19 የሚውሉ በመሆናቸው እናንተ አገር ቤት የበጋ ፀሐይ በምትሞቁበት ሰሞን ኦሮራ በዓመቱ ጽኑ ብርድ ውስጥ ትሆናለች። በዲሴምበር 2022 በዴንቨር አካባቢ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ወርዶ እንደነበር የቆዩ ነዋሪዎች ያስታውሱታል።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቧንቧውን የሚሰነጥቀው በረዶው ራሱ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳቱን የሚያደርሰው በረዶው እየገፋው በሄደውና መውጫ ባጣው ውሃ ላይ የሚፈጠረው ግፊት ነው። በረዶው መስመሩን እንደ ቡሽ ከደፈነው በኋላ በእርሱና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታሰረው ውሃ ግፊቱ እየበረታ ይሄድና ቧንቧው ደካማ በሆነበት ቦታ ይፈነዳል። በረዶው ደፍኖት እስካለ ድረስ ውሃ ስለማይፈስ ጉዳቱ አይታይም፤ አየሩ ሞቅ ብሎ በረዶው ሲሟሟ ግን ውሃው ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል። ትንሽ ስንጥቅ እንኳ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጋሎን ውሃ ልታፈስ ስለምትችል፣ ባለቤቶቹ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ የሚያገኙትን መገመት አያስቸግርም።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የቤቱን ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከ55 ዲግሪ ፋራናይት (13 ዲግሪ ሴልሺየስ) በታች አታውርዱት። ሰው ሲኖር ከምታሞቁበት መጠን ወደዚህ ማውረዳችሁ ብቻውን የጋዝ ወጪውን በሚገባ ይቀንስላችኋል። ብዙ ቴርሞስታቶች በባትሪ የሚሠሩ ስለሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ ባትሪ አስገቡ፤ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ባትሪ በመሞቱ ምክንያት ብቻ ማሞቂያው የቆመበት ቤት አጋጥሞኛል። የፈርነሱን (አየር አሙቆ ወደ ክፍሎቹ የሚነፋውን መሣሪያ) የአየር ማጣሪያም ቀይሩ፤ ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን አየሩ እንደ ልብ ስለማይዘዋወር መሣሪያው ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ባለሙያ አስጠርታችሁ ካላስመረመራችሁት ደግሞ አሁኑኑ ቀጠሮ ያዙ፤ የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚደውል ተራ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን የምመርጠው ዋናውን የውሃ መዝጊያ ነው። እናንተ አካባቢ ይህ መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቤዝመንት ውስጥ፣ የውሃው መስመር ከመንገድ ወደ ቤቱ በሚገባበት ቦታ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። ከመጓዛችሁ አንድ ወር በፊት ፈልጋችሁ አግኙትና ዝጉት፤ ከዚያም የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው በእርግጥ መቆሙን ተመልከቱ። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ዝጎ ሊጣበቅ ወይም ሲዘጉት ሊያንጠባጥብ ስለሚችል፣ ይህን የምታውቁት የጉዞው ዕለት መሆን የለበትም። በጉዞው ቀን መዝጊያውን ከዘጋችሁ በኋላ ከላይኛው ፎቅና ከታችኛው ቤት ያሉትን ቧንቧዎች ከፍታችሁ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፍስሱ፤ የሽንት ቤቱንም ውሃ ልቀቁ። እንዲህ ከተደረገ ማሞቂያው እናንተ በሌላችሁበት ቢበላሽ እንኳ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። ቤታችሁ የሚሞቀው በቱቦ በሚነፍስ ሞቃት አየር ሳይሆን በቦይለርና በራዲያተር ከሆነ፣ ቦይለሩ የጎደለውን ውሃ የሚሞላው ከዚሁ መስመር ስለሆነ ዋናውን መዝጊያ ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ፤ ቤቱ የእሳት ማጥፊያ የውሃ መርጫ ካለው እንደዚሁ ጠይቁ። የውሃ ማሞቂያውን በተመለከተ፣ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ለጉዞ ጊዜ ተብሎ በተመለከተው ዝቅተኛ መጠን ላይ አድርጉት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ኃይሉን ከማከፋፈያው ሳጥን አጥፉ፤ በውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ውሃ ጎድሎበት ቢሠራ ወዲያው ይቃጠላል።

ከቤቱ ውጭ ያለውን ቧንቧ አትርሱ። የአትክልት ማጠጫው ጎማ እንደተገጠመ ከቀረ ውሃው መውጫ አጥቶ ከግድግዳው ውስጥ ድረስ ይረጋል፤ ብርድ እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራው ረጅሙ የውጭ ቧንቧ እንኳ ጎማው ካልተፈታ ይሰነጠቃል። በመጨረሻም የመድን ውላችሁን አንብቡ። በብዙ የቤት መድን ውሎች ላይ ሰው በሌለበት ቤት ቧንቧ ረግቶ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚከፈለው ባለቤቱ ቤቱን በተገቢው ሁኔታ ሲያሞቅ ከቆየ ወይም ውሃውን ዘግቶ ካፈሰሰ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ቁልፉን ለምታምኑት ጎረቤት ሰጥታችሁ በሦስት በአራት ቀን አንዴ ገብቶ እንዲያይላችሁ ብታደርጉ፣ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ዋስትና ይሆናችኋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በዳላስ አቅራቢያ ጋርላንድ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ውርጭ ከጣሪያው በላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ ተደርምሷል። አሁን ብርድ ሲነገር ቧንቧዎቹን በትንሹ ከፍቼ ማደር እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ውሃ በከንቱ ማፍሰስ ነው ትላለች። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ በዚህ ነገር እርስዎ ልክ ነዎት፤ የባለቤትዎም ስሜት ግን የሚገባን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በጀሪካንና በበርሜል እያጠራቀመ ያደገ ሰው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምቶ ዝም ብሎ መተኛት አይሆንለትም። ነገር ግን ከላይ ለኦሮራዎቹ አንባቢዎች እንዳስረዳነው ቧንቧውን የሚያፈነዳው መውጫ ያጣ ግፊት ነው። ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ለዚያ ግፊት መተንፈሻ ስለሚሆን፣ መስመሩ ቢረጋ እንኳ የመሰንጠቁ ዕድል ይቀንሳል።

በቴክሳስ ያሉ ቤቶች ብርድን ታሳቢ አድርገው ስላልተሠሩ በብዙዎቹ ላይ የውሃው መስመር የሚያልፈው ሽፋን በሌለው ጣሪያ ሥር ወይም በውጭ ግድግዳ ውስጥ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንዲህ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ሽፋን የሌለው ቧንቧ ለአደጋ የሚጋለጠው የውጭው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሲወርድ እንደሆነ አሳይቷል። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 የዳላስ ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ስለነበር የእርስዎ ቧንቧ መፈንዳቱ የሚያስገርም አልነበረም። ስለዚህ በየብርዱ ሌሊት ሁሉ ውሃ ማንጠባጠብ አያስፈልግም፤ ትንበያው ወደ 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ግን በውጭ ግድግዳ በኩል ያሉትንና ከዋናው መግቢያ የራቁትን ቧንቧዎች፣ የሞቀውንም የቀዘቀዘውንም፣ ጠብ ጠብ እንዲሉ አድርገው ይደሩ። የሚወርደውን ውሃ በባልዲ ቢያጠራቅሙት ለሽንት ቤት ይሆናል፤ ባለቤትዎም በዚህ ይስማማሉ ብለን እናስባለን። ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ገንዳ ሥር ያሉትን የቁም ሳጥን በሮች ከፍቶ ማደር ደግሞ የቤቱ ሙቀት ወደ ቧንቧዎቹ እንዲደርስ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሌሊት መላ ነው። ዘላቂው ሥራ በጣሪያው ሥር የሚያልፈውን መስመር በሙሉ በስፖንጅ መሰል የቧንቧ ሽፋን መሸፈን ነው፤ በማዕዘንና በመገጣጠሚያ ላይ ክፍተት ከተተወ ቧንቧው የሚረጋው እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ሽፋን ሙቀት እንደማይፈጥርና የነበረውን ሙቀት ቶሎ እንዳይጠፋ ብቻ እንደሚያዘገይ ማወቅ ያስፈልጋል። የውሃ ማሞቂያዎ በውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በርሜል የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ራሱን ከመርጋት የሚጠብቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ከጠፋና ብርዱ ከበረታ ውሃውን በማፍሰሻው በኩል ማውጣት ይኖርብዎታል።

በእናንተ አካባቢ ዋናው መዝጊያ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቤት ውስጥ ሳይሆን ከመንገዱ ዳር በመሬት ውስጥ በተቀበረ ሣጥን ነው። መክፈቻው ከብረታ ብረት መደብር ይገኛልና ገዝተው ያስቀምጡ፤ መሸ ነጋ ሳይሉ ሁሉም የቤተሰብ አባል እንዴት እንደሚዘጋ ይማር።

ቧንቧ ከረጋ ምን ይደረግ ለሚለው፦ አፉን ከፍተው ከአፉ አጠገብ ጀምረው ወደ ረጋው ቦታ እየተጠጉ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውሃ በተነከረ ፎጣ ቀስ እያሉ ያሙቁት። በክብሪት፣ በሻማ ወይም በጋዝ ነበልባል ቧንቧ ማሞቅ ቤት ያቃጥላልና ፈጽሞ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አምና በረዶ ጥሎ መብራት ሲጠፋ የቡናዬን ከሰል አቀጣጥዬ፣ ቤቱንም እንዲያሞቅልን ሳሎን ላስገባው ስል ልጄ ተቆጣኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰል ሳነድ ኖሬያለሁ። ጢሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቼ ፍሙን ብቻ ነው የማስገባው። እውነት ይህ አደጋ አለው?

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የተቆጡት ስለሚወዱዎት ነው፤ ያሉትም ትክክል ነው። ጢሱ እስኪያልቅ መጠበቅዎ ዓይንዎን ከማቃጠል ያድንዎት ይሆናል እንጂ ከዋናው አደጋ አያድንዎትም። ገዳዩ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከሰል ቀይ ፍም ሆኖ ምንም ጢስ በማይታይበት ጊዜም ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። ጋዙ በሳንባ ገብቶ ከደም ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጉልበት ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቅ በእንቅልፉ ያልፋል።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከሰል አንድደው በደኅና የኖሩት ቤቱ ስለሚተነፍስ ነው። አገር ቤት ወጥ ቤቱ ለብቻው ነው፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል አየር ይገባል፤ ቡና ሲፈላም በሩ ለጎረቤት ክፍት ነው። እንዲያም ሆኖ በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ ስለቀሩ ሰዎች እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም። እዚህ ያለው ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ መስኮቱም በሩም ግጥም ተደርጎ የተሠራ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ መብራት በጠፋ ጊዜ ለመሞቅ ሲሉ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሡ ሰዎች በዚህ ጋዝ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል የአገራችን ልጆች ነበሩባቸው። ይህን የምንጽፈው በሐዘን ነው፤ መስኮት በጥቂቱ መክፈት በቂ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎትም እባክዎ አይቀበሉት።

ስለዚህ ከሰል ወደ ቤት አይግባ፤ ለመሞቅ ተብሎም የጋዝ ምድጃ ወይም መጋገሪያ አይለኮስ። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ርቆ፣ ከበርና ከመስኮት ፊቱን አዙሮ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ሁላችሁም በአንድ ክፍል ተሰብሰቡ፤ የሌሎቹን ክፍሎች በር ዝጉ፤ በመስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ጋቢውም ይውጣ። ቡናውን በተመለከተ፣ ውርጭ እንደሚመጣ በተነገረበት ቀን አስቀድመው በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተው በፔርሙዝ ቢያስቀምጡት መብራት ቢጠፋም ቡናዎን አያጡም።

ልጅዎን ደግሞ ይህን ይጠይቁልን፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው በየፎቁና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ አለ ወይ? መሣሪያው እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ በጀርባው የተጻፈውን ቀን ይመልከቱት። ከጮኸ ማንም ሰው ልብስ ልደርብ ሳይል ሁላችሁም ወጥታችሁ ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። በረዶ በጣለ ጊዜም የማሞቂያው ጢስ መውጫ፣ ብዙ ጊዜ በጎን ግድግዳ በኩል የሚወጣው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በበረዶ እንዳይደፈን ልጅዎ ወጥተው ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ባለፈው ጃንዋሪ ከባድ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ቦይለሩ እንደ መንገሽገሽ ያለ ድምፅ አሰምቶ ጠፋ። ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ቀን በብርድ ቆየን። ምን ሆኖ ነው? ራሴ ላስተካክለው እችል ነበር?

መልስ፦ ከገለጹት ምልክት የምንገምተው የቦይለሩ የፍሳሽ ቱቦ መርጋቱን ነው። ዛሬ በብሪታንያ በብዛት የሚገጠሙት ቦይለሮች ከጢሱ የሚያወጡትን እርጥበት ወደ ውሃ ለውጠው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያፈስሱታል፤ ቱቦው በውጭ ግድግዳ ላይ የሚያልፍ ከሆነ በውርጭ ሌሊት ይረጋና ውሃው ወደ ኋላ ስለሚመለስ ቦይለሩ ለደኅንነቱ ራሱን ያጠፋል። ቱቦውን ከመሬት ቆመው መድረስ ከቻሉ ለብ ያለ ውሃ (የፈላ አይሁን፤ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል) ደጋግመው ካፈሰሱበት ወይም የሙቅ ውሃ ከረጢት ካስጠጉበት በኋላ የቦይለሩን ማስጀመሪያ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዘንድሮ ብርዱ ሳይገባ ቱቦውን ዝናብ በሚችል ሽፋን ያስሸፍኑት፤ ቢቻል በሰፊ ቱቦ ይቀየር። የግፊቱ መለኪያ ቦይለሩ ቀዝቃዛ እያለ በ1 እና በ1.5 ባር መካከል መሆኑንም ይመልከቱ። የቦይለሩን ሽፋን ግን ራስዎ አይክፈቱ፤ ያ ሥራ በጋዝ ሴፍ መዝገብ ለተመዘገበ ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነው።

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። ራዲያተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ልጆቹ ካፖርት ለብሰው ነው የሚያጠኑት። አከራያችን ዛሬ ነገ ይለናል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝተናል፤ የመብራቱ ሂሳብ ግን ከአቅማችን በላይ ሆኖ ውዝፍ አለብን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን እወቁ። በሚኒሶታ ሕግ፣ የሙቀቱ መቆጣጠሪያ በተከራዩ እጅ ካልሆነ በስተቀር፣ አከራይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ በ68 ዲግሪ ፋራናይት (20 ዲግሪ ሴልሺየስ) ሙቀት የማቆየት ግዴታ አለበት። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ በየጠዋቱና በየማታው የሚያሳየውን ቁጥር ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አንሡ። ከዚያ ለአከራዩ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቱና ቅጂውን አስቀሩ። በዚህ ካልተስተካከለ ወደ ከተማው 311 ደውላችሁ ተቆጣጣሪ እንዲላክ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም ለመጠየቅ አትፈሩ።

ስለ ሂሳቡ፣ በዚሁ ግዛት ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚጸና የብርድ ወራት ደንብ የሚባል፣ ባልተከፈለ ሂሳብ ምክንያት ኃይል እንዳይቋረጥ የሚከላከል ጥበቃ አለ፤ ነገር ግን ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው አይጠብቅም። ወደ መብራት አቅራቢው ድርጅት ራሳችሁ ደውላችሁ ከገቢያችሁ ጋር የሚመጣጠን የአከፋፈል ስምምነት መፈጸምና ስምምነቱንም ማክበር ይኖርባችኋል። በፌደራል መንግሥት ገንዘብ ለሚሰጠው የኃይል ክፍያ ድጋፍም አሁኑኑ አመልክቱ።

የገዛችሁት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመጋረጃ፣ ከአልጋና ከልብስ ቢያንስ 3 ጫማ፣ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይራቅ። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካ፤ በማራዘሚያ ገመድ ከተሰካ ገመዱ ግሎ እሳት ያስነሣል። ስትተኙና ከቤት ስትወጡ ይጥፋ። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ሶፋ አንሡ፤ የወረደበትንም መጋረጃ ወደ ላይ ሰብስቡት። ከሥሩ ሞቆ ከላዩ ቀዝቃዛ ከሆነ በውስጡ አየር ታስሮ ሊሆን ይችላልና፣ ለአከራዩ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ጨምራችሁ አመልክቱ፤ አየሩን ማስወጣት ለሕንፃው የጥገና ሠራተኛ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።